ከሐዋሳ ናይሮቢ በኤክስቲ 600፦ የዝግጅትና የጉዞ ማስታወሻ

ኅዳር 8

ሞተሯ ያማሃ ኤክስቲ 600 ኢ ናት። አንድ ፒስቶን፣ 595 ሲሲ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል)። ያማሃ ይህን ሞዴል የሠራው ከ1990 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ነው። የእኔዋ ድሮ የአንድ ፕሮጀክት ንብረት ነበረች። በጨረታ ወጥታ፣ ባለቤት ቀያይራ እኔ ጋ ደረሰች። እስከ ይርጋለም፣ እስከ ወንዶ ገነት ስነዳት አስቸግራኝ አታውቅም። አሁን ያሰብኩት ግን ራቅ ያለ ነው። የካቲት ላይ ከሐዋሳ ተነስቼ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ደርሼ መመለስ።

የካቲትን የመረጥኩት በዝናቡ ምክንያት ነው። ሰሜን ኬንያ በዓመት ሁለቴ ይዘንባል፤ አንዱ ከመጋቢት ጀምሮ፣ ሌላው ከጥቅምት ጀምሮ። ጥርና የካቲት በመሃል ያሉ ደረቅ ወራት ናቸው።

ለረጅም ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ሣጥን፣ ተጨማሪ መብራትና የስልክ መያዣ ነው። እኔ ገንዘቤን ቀድሜ የማወጣው በሚያልቁ ነገሮች ላይ ነው፦ ዘይት፣ ካቴና (ሰንሰለት)፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ዘንግ ማቀፊያ)፣ የፍሬን ሸራ። ሁለተኛው ውሳኔዬ ደግሞ ይሄ ነው፦ መንገድ ላይ ሊያስቸግር የሚችለውን ሁሉ እዚሁ ግቢ ውስጥ በገዛ እጄ ፈትቼ እገጥመዋለሁ። ካርቡራተር ለመጀመሪያ ጊዜ የምፈታው ማርሳቢት በረሃ ላይ እንዲሆን አልፈልግም።

ኅዳር 15

ዘይት ቀየርኩ። ኤክስቲ 600 ዘይቷን ከኢንጂኑ ሥር አታጠራቅምም። ፓምፕ ከሥር እየሳበ ወደ ሌላ ማጠራቀሚያ ይመልሰዋል። በእኔዋ ሞዴል ማጠራቀሚያው ራሱ የሻንሲው ቧንቧ ነው። ስለዚህ ዘይት ሲወርድ ሁለት ቦታ መፈታት አለበት፤ ከሻንሲውም፣ ከኢንጂኑም። አንዱን ብቻ ከፈቱ ግማሹ አሮጌ ዘይት እዚያው ይቀራል።

ልኩን ማየትም የራሱ ሥርዓት አለው። ሞተሯ ስታድር ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ቀዝቃዛዋን ከፍቶ ያየ ሰው ዘይት ያለቀ ይመስለዋል። ይጨምራል። ከዚያ ኢንጂኑ ሲነሳ ትርፉ ወደ አየር ማጣሪያው ይተፋል። ትክክለኛው አስነስቶ ማሞቅ፣ ማጥፋት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ በዘንጉ መለካት ነው። ኤክስቲ ያላችሁ ይህችን ብቻ እንኳን ብትይዙ ይበቃል።

የወጣውን ፊልትሮ ወስጄ ለአንድ አንጋፋ መካኒክ አሳየሁ። ማግኔት ሲነካው ጥቁር ዱቄት ያዘ።

«ጋሼ፣ ይሄ ያስፈራል?» አልኩ።

በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «ዱቄት የሥራ ነው ልጄ። የሚወጋህ ስንጥር ካገኘህ ግን ሳትፈታው ወዴትም እንዳትሄድ።»

ስንጥር የለም። የዚህ ሞዴል የታወቀ ደካማ ጎን አምስተኛ ማርሽ ነው። በአቀበት ላይ በዝቅተኛ ዙር በአምስተኛ ማስጨነቅ ጥርሱን ይበላዋል። ዳገት ላይ ወደ አራተኛ መመለስ ልማድ ማድረግ አለብኝ።

ኅዳር 22

የቫልቭ (የኢንጂኑ የጋዝ ማስገቢያና ማስወጫ በር) ክፍተት። ይህ የሚለካው ኢንጂኑ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ ቡና እንኳን ሳልጠጣ በማለዳ ጀመርኩ። ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) አወረድኩ። ካንዴላዋን (እሳት የምትረጨውን) ፈታሁ። ኢንጂኑን በኪያቤ ቀስ እያልኩ በእጅ አዞርኩት። ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ፣ ቫልቮቹም ሁሉ ዝግ ሲሆኑ፣ በሚዞረው ክፍል ላይ ያለችው ምልክት ከኢንጂኑ ሽፋን መስኮት ትይዩ ትቆማለች።

ቫልቮቹ አራት ናቸው። የማስገቢያዎቹ ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር፣ የማስወጫዎቹ ከ0.12 እስከ 0.17 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ማስገቢያዎቹ ልክ ነበሩ። ከማስወጫዎቹ አንዱ ግን የ0.10 ላሜራ (ስስ የመለኪያ ብረት) አላስገባም።

ሰፊ ክፍተት ይንቋቋል፤ ሰው ሰምቶ ያስተካክላል። ጠባብ ክፍተት ድምፅ የለውም። ኢንጂኑ ጸጥ ብሎ ሲሠራ ጤነኛ ይመስላል። ውስጡ ግን ቫልቩ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፣ የጋለው ጋዝ በጠርዙ እየሾለከ ያቃጥለዋል። ቆላ ላይ ረጅም ሰዓት በአንድ ፍጥነት ሲነዳ ይብስበታል። በ0.15 አስተካከልኩት። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር፣ ካጠበቅኩ በኋላ እንደገና ለካሁ።

ታኅሣሥ 6

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ካርቡራተር።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ከማርሳቢት በስተደቡብ መንገዱ ወደ 600 ሜትር አካባቢ ይወርዳል፤ እዚያ ጉድለቱ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ኢንጀክሽን ያላት ሞተር ይህን በሴንሰር ለክታ ቤንዚኗን ራሷ ታስተካክላለች። ካርቡራተር አይለካም። በገባለት ጄት መጠን ቤንዚን ያፈሳል። ጄት ማለት ቤንዚኑ የሚያልፍበት፣ መሃሉ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ነው። የቀዳዳው ቁጥር ላዩ ላይ ተጽፏል።

ስፈታው የጠረጠርኩትን አገኘሁ። ዋናው ጄት ከፋብሪካው ልክ ያነሰ ነው። አንድ ሰው ለደጋ አየር ብሎ ቀይሮታል። ለደጋ ትክክል ነው። አየሩ ስስ ሲሆን ቤንዚኑም መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ካንዴላዋ ጥቁር ጥላሸት ትለብሳለች፣ ጉልበትም ይጠፋል። ችግሩ ይህንኑ ትንሽ ጄት ይዞ ቆላ መውረድ ነው። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ቃጠሎው ከልክ በላይ ይግላል። በአየር ብቻ ለሚቀዘቅዝ ትልቅ ፒስቶን፣ በዚያ ሙቀት፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤንዚን ሲበዛ የሚጠፋው ጉልበትና ገንዘብ ነው። ቤንዚን ሲያንስ የሚጠፋው ፒስቶኑ ነው።

ስለዚህ የፋብሪካውን ልክ ልመልስ ወስኛለሁ። ትንሹን ጄት በወረቀት ጠቅልዬ መሣሪያ ቦርሳው ውስጥ አደርገዋለሁ።

ይህች ሞተር ጎን ለጎን ሁለት ካርቡራተር አላት። አንዱ በቀጥታ በጋዙ ገመድ ይከፈታል። ሁለተኛው ዘግየት ብሎ በአየር ስበት ይነሳል። የሁለተኛው ላስቲክ ዲያፍራም ከተቀደደ ሞተሯ ትሄዳለች፣ ግን ከፍጥነቷ ግማሹ ይጠፋል። ወደ ብርሃን ዘርግቼ አየሁት፤ ደህና ነው። ከካርቡራተሩ ወደ ኢንጂኑ የሚያገናኙት ላስቲኮች ግን ስንጥቅጥቅ ብለዋል። በዚያ ስንጥቅ የሚገባ አየር ቤንዚኑን የበለጠ ያሳሳዋል። ቤንዚን መያዣው ጽዋ ሥር ደግሞ ቀይ የዝገት ደለል ተኝቷል። ከሰልባትዮው የመጣ ነው።

ጀርመን ለምትኖረው እህቴ ዝርዝር ላክሁላት። ኤክስቲ 600 እዚያ በብዛት የተሸጠች ስለሆነች ዕቃዋ ዛሬም ይገኛል። ጄት፣ ሁለት ላስቲክ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ካቴና ከነፒኞኑና ከነኮሮናው (ከፊትና ከኋላ ጥርሶቹ)። ለገና የሚመጣ ሰው አለ።

ታኅሣሥ 13

ሰልባትዮውን አጠብኩ። ውስጡ ጠጠርና የሳሙና ውኃ ጨምሬ እስኪደክመኝ ነቀነቅሁት። ከዚያ በንጹሕ ውኃ፣ ከዚያ በጥቂት ቤንዚን፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ። መውጫው ላይ የወረቀት ፊልትሮ ጨመርኩ።

ጥር 4

ዕቃው ደረሰ። እህቴ ሳልጠይቃት ተጨማሪ ካንዴላ ጨምራልኛለች። እግዜር ይስጣት።

ካቴና፣ ፒኞንና ኮሮና አብረው ነው የሚቀየሩት። አዲስ ካቴና ባለቀ ጥርስ ላይ ከተገጠመ በጥርሱ ልክ ቶሎ ይላላል። የእኔዋ ፊት 15፣ ኋላ 45 ጥርስ ናት። አሮጌውን ፒኞን ሳወጣ በመጀመሪያ ያየሁት ፒኞኑን ሳይሆን የተቀመጠበትን ዘንግ ነው። የዘንጉ ጥርሶች ከተበሉ አዲስ ፒኞን ምንም አይጠቅምም፤ ኢንጂኑ ሙሉ በሙሉ መበተን አለበት። ብዙ ኤክስቲዎች የሚሞቱት በዚህ ነው። ትንሽ መላላት አለ፣ ግን ጥርሶቹ ጤነኛ ናቸው። ጥሩ ግሪስ ቀብቼ ገጠምኩ።

ካቴና ሲወጠር ሞተሯ ባዶ ቆማ መለካት አይበቃም። እንደዚች ባለ ረጅም ሞላ ሞተር ላይ ጭነት ሲበዛ የኋላው ጎማ ወደ ላይ ይመጣና ካቴናው ይወጠራል። በጣም የሚወጠረው ፒኞኑ፣ የኋላ ሹካው መዞሪያና የኋላ አክሱ በአንድ መስመር ሲሆኑ ነው። ሁለት ጎረምሶች ከኋላ አስቀምጬ እዚያ ልክ ላይ ለካሁ። በዚያ ልክ ላይ እንኳን በጣት ሲነካ ጥቂት መነቃነቅ አለበት። ጥብቅ ካቴና ኩሽኔታም፣ ያንን ዘንግም ይበላል።

ጥር 8

ጎማ። ፊት 90/90-21፣ ኋላ 120/90-17። ሁለቱም ባለ ካላማደሪያ (የውስጥ ላስቲክ) ናቸው። ስለዚህ መንገድ ላይ ከፈነዳ ጎማ ማውለቅ የግድ ነው። ጎሚስታ ጋ ሄጄ ሥራውን ሳይሆን ቦታውን ጠየቅሁ፤ እሱ ቆሞ እያየ እኔ አወለቅሁ። «ጉልበት አይደለም፣ ተቃራኒውን ጎን መሃል ላይ ወዳለው ጎድጓዳ ጫነው» አለኝ። እውነት ነው። ያኔ ሌቫው በአንድ እጅ ይነሳል።

የፊቱን ካላማደሪያ ብቻ ተጨማሪ እይዛለሁ። ባለ 21ዱ በችግር ጊዜ 17 ጎማ ውስጥ ገብቶ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል። ባለ 17ቱ ለፊት አይሆንም። የኋላው ኩሽኔታ ሲዞር ስለሻከረ ቀየርኩት። ራጂዎቹን (የጎማውን ሽቦዎች) አንድ በአንድ በኪያቤ መታሁ፤ የላሉት ድምፃቸው ይለያል።

ጥር 16

ሙከራ። ጥምቀት አለፈ፣ መንገዱም ቀለል ብሏል። በሻሸመኔ፣ በሀላባ፣ በሶዶ አድርጌ አርባ ምንጭ ወረድኩ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቷም ለዚህ ሙከራ ይመቻል። ከምዕራብ ዓባያ በኋላ ሙሉ ጋዝ ላይ ጥቂት ከነዳሁ በኋላ ኢንጂኑን አጥፍቼ ፍሪሲዮን ይዤ ቆምኩ። ካንዴላዋን ፈታሁ። ፈካ ያለ ቡናማ ናት። ነጭ ብትሆን ቤንዚን ያንሳል፣ ጥቁር ብትሆን ይበዛል። ይሄ የፈለግሁት ቀለም ነው።

ወደ ሶዶ ዳገቱን ስመለስ በፋብሪካው ጄት ትንሽ ከበዳት። ይሁን። ለቆላው ደኅንነት የምከፍለው ነው።

ጥር 26

ፍሬን ዘይት ቀየርኩ። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሲያረጅ በቁልቁለት ይፈላና ማንሻው ባዶ ይሆናል። ባትሪው ሞተሯ ስትሠራ 14 ቮልት አካባቢ ያገኛል፣ ደህና ነው።

ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። የእኛ የፊት መብራት ደግሞ የቀኙን ዳር ከፍ አድርጎ እንዲያበራ የተሠራ ነው። በግራ ሲነዱ ያ ከፍታ ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ያርፋል። መስታወቱ ላይ በጥቁር ቴፕ የምሸፍነውን ቦታ ማታ ግድግዳ ላይ አብርቼ ምልክት አደረግሁ። ማታ አልነዳም፣ ቢሆንም ዝናብና አቧራ መብራት ያስበራል።

ብየዳ ቤት ፖርቶ መጋላ (የኋላ ዕቃ መጫኛ) አሠራሁ። ቀላልና ዝቅ ያለ። የኋላው ሻንሲ ቀጭን ስለሆነ የብረት ሣጥን ትቼ በሸራ ቦርሳ ነው የምሄደው። ሰልባትዮው 13 ሊትር ይይዛል። በመቶ ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች ማለት ነው። ከሞያሌ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 5 ሊትር በጀሪካን።

ወረቀት፦ ፓስፖርት፣ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ። የመጨረሻው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። እዚሁ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ይወጣል፤ በአባል አገሮች ይሠራል። ካርዱ ላይ ኬንያ አለመሰረዟን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ እዩ።

የካቲት 5፣ ሞያሌ

በዲላ፣ በይርጋ ጨፌ፣ በቡሌ ሆራ፣ በያቤሎና በሜጋ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። እስከ ቡሌ ሆራ ድረስ አረንጓዴ ነው፤ ቡናና እንሰት። ከዚያ ግራር፣ ቀይ አፈር፣ ግመል። ከብት መንገድ ላይ ስለሚተኛ ፍጥነት አይታሰብም። ማታ ካቴናው ገና ትኩስ እያለ ዘይት ቀባሁት። አንድ የፍሬቻ ብሎን ላልቷል።

የካቲት 6፣ ማርሳቢት

ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገር ሥራ አንድ ቦታ የሚያልቅበት የጋራ የድንበር ጣቢያ አለ፤ የተመረቀው በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ሞተሯ በጊዜያዊነት መግባቷን የሚገልጸውን የኬንያ ጉምሩክ ወረቀት ያዝኩ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሦስቴ አመሳከሩ። ቁጥሩን ቀድሜ በብሩሽ ማጽዳቴ ጠቀመኝ።

በግራ መንዳት መኪና ባለበት ቀላል ነው፣ ሌላውን ይከተሉታል። አደገኛው ባዶ መንገድ ላይ ቆሞ ሽንት ሸንቶ እንደገና ሲነሱ ነው። እጅ በልማዱ ወደ ቀኝ ይወስዳል። ማኑብሪው (መሪው) ግራ ጫፍ ላይ ቀይ ቴፕ ጠቅልያለሁ፤ ስነሳ ቀድሜ የማየው እሱን ነው።

ይህ መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት የታወቀ የመኪና ሰባሪ ነበር። የጭነት መኪኖች በአጀብ ነበር የሚሄዱት፤ ሞላና አሞርዛተር እዚያ ይቀር ነበር። ዛሬ ለስላሳ አስፋልት ነው። የቀረው ነፋሱ ነው። ከቱርቢ በኋላ ዲዳ ጋልጋሉ ይመጣል፤ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ አድማስ የተነጠፈበት ሜዳ። ነፋሱ ከግራ ጎን ሳያቋርጥ ይገፋል። ሞተሯን ወደ ነፋሱ አጋድሎ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። የጭነት መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ለቅጽበት ይቆማል፣ ወዲያው በጥፊ ይመለሳል። በዚሁ የማርሳቢት አውራጃ ወደ ቱርካና ሐይቅ በኩል 365 ተርባይን ያለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ መተከሉ አያስገርመኝም። ፍጥነቴን ወደ 80 አወረድኩ። በጀሪካን የያዝኩት 5 ሊትር አስፈለገኝ። ነፋስ ቤንዚን ይጠጣል።

የካቲት 7፣ ኢሲዮሎ

ላይሳሚስ ሳልደርስ ኢንጂኑ ማስነጠስ ጀመረ። ይጠፋል መስሎኝ ይመለሳል፣ ተመልሶ ይቋረጣል። ዳር ያዝኩ። ሙቀቱ ከባድ ነው። ሰልባትዮው ላይ ቤንዚን አለ፣ የካንዴላው ኬብል ጠብቋል። ጠዋት በጀሪካን የተሸጠልኝ ቤንዚን ትዝ አለኝ። ከካርቡራተሩ ጽዋ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ላላ አድርጌ በላስቲክ ጠርሙስ ተቀበልኩ። ውኃው ከሥር እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ለብቻው ተኛ። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። እስኪጠራ አፈሰስኩ። ፊልትሮውን ቀየርኩ። በመጀመሪያው ንክኪ ተነሳች። ብሎኗ የት እንዳለች ባላውቅ ኖሮ ሰልባትዮ አውርጄ ቀኑን እዚያ እውል ነበር።

አጠገቤ ሁለት የሬንዲሌ ብሔረሰብ እረኞች ቆመው ነበር። አንዱ ማፍሰሻዋን ሲያይ ሳቀ፤ ውኃዬን ሰጠሁት፣ ጥላ ያለበትን ግራር አሳየኝ። ካንዴላዋንም እዚያው ጥላ ሥር አየኋት። ቡናማ ናት። በፋብሪካው ጄት መውረዴ ልክ ነበር።

የካቲት 9፣ ናይሮቢ

ከኢሲዮሎ ወዲያ መንገዱ የኬንያን ተራራ ትከሻ ይዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በአንድ ጠዋት ከላብ ወደ ጃኬት። እዚህ ኤክስቲዋ ደከመች፤ በትልቁ ጄት ቤንዚን በዝቶባታል። በአራተኛ ማርሽ ታገስኳት። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብ ሰሌዳ አለ፣ ቆሜ አለፍኩ። ስንዴውና አበባው እርሻ ደጋውን ሞልቶታል፤ ተራራው በደመና ተሸፍኖ ነበር።

ናይሮቢ መግቢያ ላይ ትራፊኩ ከባድ ነው። ቦዳ ቦዳዎች (የሞተር ታክሲዎች) በግራም በቀኝም ይመጣሉ። እኔ ከኋላቸው ተሰልፌ ገባሁ፤ መንገዱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ዛሬ ጠዋት ያደረኩበት ግቢ ውስጥ ሙሉ ምርመራ አደረግሁ። ካቴናው በትንሹ ላልቷል፣ አጠበቅኩት። ዘይት ሩብ ሊትር ገደማ ጨምሬያለሁ፤ ለዚህ ኢንጂን በዚያ ሙቀት ብዙ አይደለም። የቀኙ የፊት ሹካ ጎሚኒ (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) ዘይት ማንጠብጠብ ጀምሯል። እዚህ የመለዋወጫ ሱቆቹ ሪቨር ሮድ በሚባለው መንገድ አካባቢ ናቸው፤ ነገ ጎሚኒውንና የሹካ ዘይት ፍለጋ እሄዳለሁ። ከመመለሴ በፊት የማስወጫ ቫልቩን ክፍተት እንደገና እለካለሁ። ከ0.12 በታች ወርዶ ካገኘሁት የቫልቩ መቀመጫ እየተበላ ነው፤ ሐዋሳ እንደገባሁ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የኢንጂኑ ራስ) ይወርዳል።